የተበተነው ደብር፦ መቅደላ መድኃኔ ዓለም
(ደሴ ላይ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ! እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። በዚህ በደሴ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው። ወንበር ያጣችሁ ተማሪዎች ወደ ፊት ቅረቡ፤ ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ።

መቅደላ ስል በዓይነ ኅሊናችሁ የሚመጣውን አውቃለሁ። ሹሩባ የተሠራ ራስ፣ ወደ አፍ የዞረ ሽጉጥ፣ ከታች የሚወጣ ቀይ ለባሽ ጦር። እኔም መቅደላን ከልጅነቴ የማውቃት በዚያው ሥዕል ነው። ዛሬ ግን ንጉሡን፣ አጼ ቴዎድሮስን፣ ጥቂት አቆይተን፣ እዚያው አምባ ላይ ስለነበረ ደብር እናውራ። እሳቸው በሞቱ በአራተኛው ቀን ስለተቃጠለው፣ ዕቃው ከበሽሎ ወንዝ ወዲያ ተጭኖ ስለሄደው፣ ስለ መድኃኔ ዓለም።

መቅደላ መጀመሪያ የወጣሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከደሴ በኩታበር አድርገን ተንታ ገባን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር። መንገድ ያሳዩን አንድ የአገሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሽቅቡ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረን ቆም ብለው ይጠብቁንና «አብሽሩ ልጆቼ፣ አብሽሩ» ይሉናል። አፋፉ ላይ እንደደረስን ሁላችንም በአንድ አፍ የጠየቅነው «ንጉሡ የሞቱት የቱ ጋ ነው?» ብለን ነበር። አሳዩን። አሳይተውን ሲያበቁ በትራቸውን ተደግፈው፣ «የመጣ ሁሉ ይኼንኑ ይጠይቀናል። ከዚህ ገደል ስለተወረወሩት ግን የሚጠይቀን የለም» አሉን። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ መቅደላ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ያንን ቃል በጆሮዬ ይዤ ነው።

እስቲ ከሩቅ ልጀምር። ወሎ የተቃጠሉ ደብሮች አገር ናት። የጥንቷ ቤተ አምሐራ የነገሥታቱ መቀመጫና መቃብር ስለነበረች፣ የአገሩ ወርቅና መጽሐፍ እዚህ ይከማች ነበር። አጼ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን አሠሩ፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። አጼ ናዖድ መካነ ሥላሴን ጀመሩ፤ ልጃቸው አጼ ልብነ ድንግል ፈጸሙት። በጥር 1513 ዓ.ም. የናዖድ ዐፅም ወደ መካነ ሥላሴ ሲገባ ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ቆሞ አይቷል። አሥር ዓመት ያህል ብቻ ነው የቆየው። በ1524 ዓ.ም. ኢማም አሕመድ ደረሱ። ከዘማቾቹ ጋር አብሮ የተጓዘው የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ራሱ እንደመዘገበው፣ ኢማሙ ወደ ውስጥ ገብተው ግድግዳው በወርቅና በዕንቁ ተለብጦ ሲያዩ ተገረሙ። አብረዋቸው የነበሩትን ዐረቦች «በሩም አገር ወይም በሕንድ አገር እንዲህ ያለ ቤት አለን?» ብለው ጠየቁ። «አላየንም፣ አልሰማንም» አሏቸው። ከዚያ ወርቁ በመጥረቢያ ተላጠ፤ ቤቱ ተቃጠለ። አትሮንሰ ማርያምም የዚያው ዘመቻ እሳት በላት። ግሸን ደብረ ከርቤ ግን ያንን ዘመን አልፋ፣ ዛሬም መስከረም 21 ቀን ከየአገሩ የሚመጣ ሕዝብ ይሳለማታል።

ይህን የማነሣው መቅደላ ከእነዚህ በአንድ ነገር ስለምትለይ ነው። የመካነ ሥላሴ ወርቅ የት ገባ ብንል የምንጠይቀው ሰው የለም፤ ቀልጦ ሌላ ወርቅ ሆኗል። የመቅደላው ግን የት እንዳለ ይታወቃል። ቁጥር ተለጥፎበታል። በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ፎቅ፣ በየትኛው መስተዋት ውስጥ እንዳለ ተጽፏል። ደብሩ የፈረሰው መቅደላ ላይ ነው፤ ገላው ግን ተቆራርጦ፣ ተመዝግቦ፣ በሌላ አገር ይኖራል።

አምባው ራሱ ምን እንደሚመስል ላላያችሁት ልንገራችሁ። ከበሽሎ ሸለቆ ማዶ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ዙሪያው ተቆርጦ የወረደ ገደል ነው። ወደ እርሱ የሚያደርሱት ፋህላና ሥላሴ የሚባሉ ሁለት ከፍታዎች ሲሆኑ፣ በሥላሴና በመቅደላ መካከል ያለው ሜዳ ደግሞ እስላምጌ ይባላል። አንዱ ጉብታ ሥላሴ፣ አጠገቡ ያለው ሜዳ እስላምጌ። ወሎዬ ለሆነ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ስሞቹ እንደ ጎረቤት ሆነው ነው የኖሩት። መግቢያው ሁለት በር ነበር፤ በሰሜን ኮኪት በር፣ በስተጀርባ ካፊር በር። ሥፍራው አሁን አምባ ማርያም ይባላል።

ቴዎድሮስ ከመምጣታቸው በፊት መቅደላ የወረ ሂማኖ መሪዎች፣ የማመዶች ምሽግ ነበረች። ይህን የምንረሳው ብዙዎች ነን። በመስከረም 1848 ዓ.ም.፣ በነገሡ በሰባተኛው ወር፣ አጼ ቴዎድሮስ ከወሎ እጅ ወሰዷት። ግምጃ ቤትና እስር ቤት አደረጓት። ወሎ ግን አልገባላቸውም። ዓመት ቆጥረው እየተመለሱ ዘመቱበት፤ ከብቱን ነዱ፣ ቤቱን አቃጠሉ፣ መኳንንቱን እያሰሩ ወደ አምባው አወጡ። ስለ አንድነት ሕልማቸው ሲነገር ይህ አብሮ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ። ሕልሙ እውነት ነው፤ የወሎ ለቅሶም እውነት ነው።

ከእስረኞቹ አንዱ ልጅ ምኒልክ ነበር፤ የኋላው አጼ ምኒልክ። ከሸዋ በልጅነቱ መጥቶ በዚያ አምባ አደገ፤ የንጉሡንም ልጅ አገባ። በ1857 ዓ.ም. ሰኔ ወር በአንድ ሌሊት አመለጠ። ያመለጠው ወዴት ነው? ወደ ወሎዋ ገዢ ወደ ወይዘሮ ወርቂት። የእሳቸው ልጅ ኢማም አመዴ ደግሞ በዚያው በመቅደላ በሰንሰለት ታስሮ ነበር። ምኒልክን አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸውን ያድኑ ነበር። አልሰጡም፤ እንግዳቸውን ወደ ሸዋ አሳለፉ። ንጉሡ በማግስቱ ከአምባው በመነጽር ሲያዩ ምኒልክ በወርቂት ሰዎች መካከል ነው። «ወርቂት የተፈታ ልጅ አግኝታለች፤ የታሰረው ምን ያደርግላታል?» ብለው ተናገሩ ይባላል። አመዴና አብረውት የነበሩ የወሎ መኳንንት ያን ዕለት ተገደሉ፤ ሬሳቸው በገደሉ ወረደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ወሎዎች እንግዳን አሳልፈን አንሰጥም ስንል እንኮራለን። ወይዘሮ ወርቂት ለዚያ ኩራት የከፈሉት ልጃቸውን ነው። ሐውልት ሊቆም ይገባል የሚል ሰው ካለ እኔ የመጀመሪያው ፈራሚ ነኝ።

ወደ ደብሩ ልመለስ። ካሣ ኃይሉ ሲነግሡ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጡት በከንቱ አልነበረም። በፍካሬ ኢየሱስ፣ ከብዙ መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ በሰላም ይገዛል የሚል ትንቢት አለ። ሕዝቡ ስሙን ይጠብቀው ነበር። እንዲህ ያለ ስም የተሸከመ ንጉሥ መቅደላ ላይ ትልቅ ደብር ሊያቆም፣ ለዚያም የሚሆን መጽሐፍ ሊሰበስብ ተነሣ። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ የብራና መጽሐፍ አምባው ላይ ተከማቸ። ከየት? ዋናው ከጎንደር ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥሉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ከነመጽሐፋቸው፣ ከነመስቀላቸው፣ ከነጽዋቸው ተዘረፉ። የቁስቋም ደብተራ ያለቀሰበት መጽሐፍ ነው መቅደላ መድኃኔ ዓለም ዕቃ ቤት የገባው። ይህን መሸፋፈን አይገባንም። የመቅደላ ዘረፋ ስንል፣ መጀመሪያ የጎንደር ዘረፋ አለ። የመጀመሪያው ግን ሁለተኛውን ትክክል አያደርገውም፤ ጎንደር መጽሐፏን ከመቅደላ መጠየቅ ትችል ነበር፤ ለንደን ሲገባ ግን ባሕር ተሻገረባት።

የታሰበው ትልቁ ደብር አልተሠራም። የነበረው መድኃኔ ዓለም እንደ አገራችን ብዙ ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ ቤት ነበር። ከንጉሡ ጋር ተጣልተው የታሰሩት ጳጳስ አቡነ ሰላማ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. እዚያው አምባ ላይ በእስር ሞቱ።

በዚያው ወራት ንጉሡ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ መንገድ እየቆረጡ ነበር። ጋፋት ላይ ሚስዮናውያኑ ያቀለጡላቸውን ሴባስቶፖልን፣ 70 ኩንታል የሚመዝነውን መድፍ፣ በሰው ጉልበት ያስጎትታሉ። ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለው ወታደር ንጉሡንም አብረውት ሲቆፍሩና ሲገፉ አይቷቸዋል። ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። እንግሊዞች በዙላ ወርደው በቆላው በደጋው ሲመጡ፣ እሳቸው ከወዲህ ሲጎትቱ፣ ሁለቱ ጦር ወደ አንድ አምባ እየተሯሯጠ ነበር። ንጉሡ ቀደሙ። መድፉ ዛሬም አምባው ላይ ተጋድሟል፤ እኛ በሄድንበት ቀን የእረኞቹ ልጆች ጀርባው ላይ ተቀምጠው ነበር። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት አምሳያው ነው።

የጠቡን መነሻ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፣ ቆንስሉ ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ፣ ጄኔራል ናፒየር ሊያስፈታ መጣ። እዚህ ላይ አልቆይም። መቆየት የምፈልገው በሰሙነ ሕማማቱ ላይ ነው። ያ ሁሉ ነገር የሆነው በሰሙነ ሕማማትና በፋሲካ ነው፤ ደብር ስላለበት አምባ ስናወራ ይህን መዝለል አይቻልም።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ካህን ዝቅ ብሎ የሕዝቡን እግር በሚያጥብበት ቀን፣ ከመቶ የሚበልጡ እስረኞች ከእስላምጌ አፋፍ ተወረወሩ። አውሮፓውያኑ እስረኞች ሰምተው ጽፈውታል። እኒያ ሽማግሌ «የሚጠይቀን የለም» ያሉት ስለ እነዚህና ስለ እነ አመዴ ነው።

በማግስቱ ስቅለት ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.። እሮጌ ሜዳ ላይ ነጎድጓድና ዝናም ወረደ፤ ከዝናሙ ሥር ፊታውራሪ ገብርዬ ጦራቸውን ይዘው ቁልቁል ተወረወሩ። ከወዲያ ያለው ጦር በኋላው የሚጎርስ ጠመንጃና ሮኬት ይዟል። ገብርዬ ወደቁ። ከእኛ ወደ 700 ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዝ ሁለት። ቅዳሜ ንጉሡ እስረኞቹን መልቀቅ ጀመሩ። እሑድ ፋሲካ ነበር፤ ለናፒየር ለፋሲካ ይሁንህ ብለው 1,000 ላምና 500 በግ ሰደዱ። ከብቱን ይቀበለኛል፣ ከተቀበለኝ ታረቅን ማለት ነው ብለው ነው። አልተቀበላቸውም። በእኛ አገር የፋሲካ ሥጋ መልሶ መላክ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሰኞ ማዕዶት፣ ሚያዝያ 6። እንግሊዞች ኮኪት በር ሲደርሱ በሩን የሚያፈርሱበትን ባሩድ ረስተው መጥተው ነበር፤ ወታደሮቹ ግንቡን በእጃቸው ተንጠላጥለው ገቡ። ከውስጥ ብዙ ሰው አልቀረም። ንጉሡ ያቺኑ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላቸውን ሽጉጥ ጠጡ። አልቃሽ የገጠመችውን ታውቁታላችሁ፦

በመቅደላ በኩል ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ግጥሙ የንጉሡን ሞት ያህል የጩኸቱንም ብዛት ይነግረናል። ማን እንደጮኸ ግን አይነግረንም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሆነውን የጻፉት ዘራፊዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ አላፈሩበትምና በዝርዝር ጻፉት። ከጋዜጠኞቹ አንዱ ስታንሊ እንደጻፈው፣ ዕቃው ከአምባው ጀምሮ ሁለት ማይል ርቆ እስካለው ሰፈራቸው ድረስ መንገዱን ሞልቶት ነበር። መስቀል፣ ጽና፣ ድባብ፣ አክሊል፣ ብራና። ከጦሩ ጋር የተላከ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር፤ ሪቻርድ ሆልምስ ይባላል። ከአንድ ወታደር እጅ አንድ የወርቅ አክሊልና አንድ የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዛ። ጽዋው ላይ በግእዝ የተቀረጸው፣ አጼ አድያም ሰገድ ኢያሱ ለቁስቋም የሰጡት መሆኑን ይናገራል። አስቡት፤ ጽዋው ከጎንደር ተዘርፎ መቅደላ መጣ፣ ከመቅደላ ተዘርፎ ለንደን ገባ፤ የማን እንደሆነ ግን መጀመሪያውኑ በገላው ላይ ተጽፏል። ዛሬ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው።

ሆልምስ ሌላም አገኘ። ከንጉሡ አልጋ ራስጌ ተሰቅላ የነበረች ትንሽ ሥዕል አወረደ። ኵርዓተ ርእሱ ነበረች፤ ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ ራሱን የተመታበት ሥዕል። ስለዚህች ሥዕል አባቶች የሚተርኩትን ሰምታችኋል፤ ወንጌላዊው ሉቃስ የሣላት ናት፣ ነገሥታቱ ሲዘምቱ ትቀድማቸዋለች፣ ጦሩ በፊቷ ይምላል። በአጼ ኢያሱ ዘመን ከስናር ጋር በተደረገው ጦርነት ተማርካ በብዙ ወርቅ ተዋጅታ ተመልሳለች። የሥዕል አዋቂዎች ደግሞ የአውሮፓ እጅ እንዳለባት፣ ዕድሜዋም ወደ 1500ዎቹ መጀመሪያ እንደሆነ ይናገራሉ። ሁለቱ ቃል አይጋጭብኝም። ሉቃስ ባይሥላትም፣ ሦስት መቶ ዓመት ሰው ሲጸልይባት፣ ሲዘምትባት፣ ሲማርክባትና ሲዋጃት ኖሯል፤ ቅድስናዋን የሰጣት ያ ነው።

ናፒየር አምባውን ለላስታው ዋግሹም ጎበዜ ሊሰጥ ጠየቀ፤ ጎበዜ አልቀበልም አሉ። ሁለቱ የወሎ እመቤቶች፣ ወርቂትና መስተዋት፣ ደግሞ ይገባኛል ይገባኛል ብለው አልተስማሙም። ስለዚህ ይፍረስ ተባለ። ሚያዝያ 10 መድፎቹ ተሰባበሩ፤ በሮቹ ፈረሱ፤ ቤቱ ሁሉ እሳት ተለቀቀበት። እሳቱ መድኃኔ ዓለምንም አልማረም። የንጉሡ አስከሬን በተቀበረበት በአራተኛው ቀን ግድም መቃብሩ በላዩ ነደደ። ዐፅማቸው ከጊዜ በኋላ ወደ ቋራ፣ ማኅበረ ሥላሴ ተወስዷል።

የተዘረፈው ዕቃ በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ በሽሎን ተሻገረና ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደ። እዚያ ሁለት ቀን ጨረታ ቆመ። የደላንታ ሰዎች፣ ያ ሜዳችሁ ነው። ታቦትና ወንጌል በእንግሊዝኛ ዋጋ እየተጠራበት፣ መኮንኖች እጅ እያወጡ ሲገዙ ዋሉ። 5,000 ፓውንድ ገባ፤ ለወታደሩ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ከአራት ጠገራ ብር ጥቂት የሚበልጥ ደረሰው። ብሪቲሽ ሙዚየም 350 ያህል መጽሐፍ ወሰደ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። መሸከም ያቃታቸውን ወደ 600 የሚደርስ መጽሐፍ ትግራይ ጨለቆት ላይ ለካህናት ትተው ሄዱ።

ጨለቆት ላይ ሌላም ነገር ቀርቷል። እቴጌ ጥሩወርቅ፣ የንጉሡ ባለቤት፣ ታመው ከጦሩ ጋር ሲጓዙ በግንቦት መንገድ ላይ አረፉ፤ የተቀበሩት ጨለቆት ነው። ልጃቸው ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ንጉሣውያኑ በሚቀበሩበት በዊንድዘር ተቀበረ። በ2015 ዓ.ም. ዐፅሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለም፤ የሌሎችን መቃብር ሳንነካ ልናወጣው አንችልም የሚል ነበር ምላሹ።

ካህናቱና ነገሥታቱ ዝም አላሉም። አጼ ዮሐንስ በነገሡበት ዓመት፣ ነሐሴ 1864 ዓ.ም.፣ ሁለት ነገር ለይተው ጠየቁ፤ ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱን። ክብረ ነገሥት የኢትዮጵያ ሕግ ያለበት ነው፣ ያለ እርሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ብለው ነው የጻፉት። ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ስለነበረው አንዱን ላከ። ሥዕሊቱን ግን ፈልገን አጣናት ተባሉ። የሚያሳዝነው ምን መሰላችሁ? ሥዕሊቱ በሆልምስ ቤት ነበረች፤ ሆልምስ ደግሞ በዚያን ጊዜ የዊንድዘር ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበር። ደብዳቤው የተጻፈላት ንግሥት የራሷ ሰው ይዟት ዝም አለ። ኋላ ተሸጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ አልፋ፣ ፖርቱጋል ገባች።

ከእንግሊዞቹም መካከል ያዘነ ነበር። በ1863 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በፓርላማ ቆሞ፣ እነዚህ ዕቃዎች ከአቢሲኒያ መወሰዳቸው እጅግ ያሳዝነኛል፣ ለምን እንደመጡም አይገባኝም ብሏል። ይህን የምናገረው የእኛን ጥያቄ የትላንት ፈጠራ አድርገው ለሚያዩት ነው። ዘረፋው ገና አራት ዓመት ሳይሞላው በገዛ አገራቸው ተጠይቋል።

ከዚያ ወዲህ የተመለሰ አለ። በ1917 ዓ.ም. ከቴዎድሮስ ዘውዶች አንዱ ተመለሰ፤ በ1957 ንግሥት ኤልሳቤጥ ስትመጣ የንጉሡን ቆብና ማኅተም ይዛ መጣች፤ በ2011 የተቆረጠ ሹሩባቸው ከለንደን ተመለሰ። ከሁሉም በላይ ግን የኤድንበራው ታቦት ልቤን ይነካዋል። በስኮትላንድ አንድ ቤተ ክርስቲያን ካህን ቁም ሳጥን ውስጥ የቆየ ታቦት አገኘ። ምን እንደሆነ ሲገባው፣ ሙዚየም ሳይጠይቅ፣ ጠበቃ ሳያቆም፣ ይመለስ አለ። በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ወጥቶ ተቀበለው።

ብሪቲሽ ሙዚየም አሁንም 11 ታቦት አለው። በአንድ የተዘጋ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ለሕዝብ አይታዩም፣ ሠራተኞቹም አያዩዋቸውም፣ የእኛ ካህናት ብቻ እንዲያዩ ይፈቀዳል። ታቦት በምእመን ዓይን እንደማይታይ አክብረው ነው። ክብሩን አልነቅፍም። ግን ማንም የማያየው፣ ማንም የማያጠናው፣ ማንም የማይጸልይበት ነገር ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠራል? መልስ ያገኘሁበት ቀን የለም። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምም በ2010 ዓ.ም. ለረጅም ጊዜ በውሰት እንስጣችሁ ብሎ ነበር። ውሰት! የቁስቋም ስም ያለበትን ጽዋ ለቁስቋም አገር በውሰት።

እንግዲህ ወደ አፋፉ ልመልሳችሁ። እኒያ ሽማግሌ ያን ቃል ከተናገሩ በኋላ ወደ ገደሉ ወሰዱን። ጠርዙ ላይ ድንጋይ አለ፤ ተቀመጡበት። በሽሎ ከታች እንደ ክር ይታያል። መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ አማተበ። እኔ ስሞቹን ጠየቅኳቸው፤ የተወረወሩትን። ጥቂት ስም ነገሩኝ፤ የአያታቸውን ወንድም ጨምሮ። ደብተር አልያዝኩም ነበር። ወርጄ አጅባር ስደርስ ሁለቱን ረስቻቸው ነበር። ኵርዓተ ርእሱን ማን ወሰደ፣ በስንት ተሸጠ ብትሉኝ እነግራችኋለሁ፤ እኒያን ሁለት ስሞች ግን እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም።

ስለዚህ ዛሬ ደብተር ይዣለሁ። መድረኩን ለእናንተ ልልቀቅ። የጥያቄው ተራ በኋላ ይመጣል፤ ቅድሚያ ከተንታ፣ ከመቅደላ፣ ከደላንታ ለመጣችሁ አባቶችና እናቶች ነው። በቤታችሁ ከዚያ ገደል የወረደ ሰው ስሙ የሚነሣ ከሆነ፣ የእስላም ይሁን የክርስቲያን፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩኝ። እጽፋለሁ።